አምስተኛው ካስማ

የዝናው ሬሳ የተገኘው በአርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ሦስተኛው ካስማ በተተከለበት ነጭ ጥጥ ባወጣ የፊላ ጫካ ውስጥ ነው። ጉልበት በማይደርስ ውሃ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ አንድ ምት አለ፤ የካስማ መትከያው መዶሻ አጠገቡ ወድቋል። ቦርሳው ደረቁ ላይ ተገልብጦ ወረቀቱ ተበትኗል። ያገኘው ታንኳ ቀዛፊው ሙስዓብ ነበር። የእሱ ጩኸት ሲሰማ ረቢያ ጓሮዋ የልጇን ሱሪ እያጠበች ነበር።

እጇ ቀጥ አለ። ከዚያ ከበፊቱ አብልጣ ማሸት ጀመረች።

ዝናው ከባልደረባው ከአራጋው ጋር የሐይቁን ዳር ዕፅዋት ለመመዝገብ የመጣ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት በሐይቁ ዙሪያ አምስት ካስማ ተክለው፣ በየካስማው ዙሪያ የበቀለውን ሁሉ እየለዩ ጽፈዋል፤ ዘንድሮ ምን እንደተለወጠ ሊያዩ ተመልሰዋል። የረቢያ ልጅ ባድሩ መንገድ መሪያቸው ነው። ረቢያ ደግሞ በአርባ ሁለት ዓመቷ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ስለለየች፣ ዝናው ማታ ማታ ደብተሩን እየተወላት የዕፅዋቱን ስም በካርድ ላይ ትገለብጥለት ነበር። «የእርስዎ ጽሕፈት ከእኔው ይሻላል» ይላታል። ያን የሚያህል ሙገሳ ከማንም ሰምታ አታውቅም።

በዋዜማው ግን ባድሩ ዝናውን ደጅ ላይ ሲቆጣው ሰምታለች። «አፍህን ካልዘጋህ እኔ እዘጋልሃለሁ!» ሲነጋ ልጇ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ልብስ ላይ የሚጣበቀው እሾሃማ ጨጎጊት ወርሶታል። አውልቆ ተኛ። አሁን ጭቃውን አጥባ ስትጨርስ፣ ጨጎጊቱን ጣቷን እየወጋት አንድ በአንድ እየነቀለች እሳት ውስጥ ጣለችው።

ኢንስፔክተር ሀፊዛ ከሐይቅ ከተማ መጣች። አጭር ናት፤ ስትጠይቅ የሰው ፊት ሳይሆን የሰው እግር ታያለች።

ሙስዓብ አምና ካስማ መንቀሉን አልደበቀም። «መሬቴን የሚወስዱብኝ መስሎኝ ነው። ካስማ ነቀልሁ እንጂ ነፍስ አልነቀልሁም» አላት። ነገሩ በተፈጸመበት ሰዓት፣ ከሱብሒ ሶላት እስከ ፀሐይ መውጫ፣ መስጊድ እንደነበር ሃያ ሰው መሰከረለት። አራጋው ጎህ ሳይቀድ ወደ አምስተኛው ካስማ ሄጄ ስሠራ አረፈድሁ አለ። ባድሩ ቤት ተኝቼ ነበር አለ።

«እውነት ነው፣ እትዬ ረቢያ?»

«ወላሂ፣ ተኝቶ ነበር።»

የአላህን ስም ጠርታ ዋሸች።

«ጣትዎን ምን ነካው?» አለች ሀፊዛ።

«ቁልቋል ነው።»

ሀፊዛ የረቢያን ጣት ቀረብ ብላ አየች። ሁሉም ጠዋት የለበሱትን ይዘው መንደሩ መሃል ካለው ሾላ ሥር እንዲሰበሰቡ ብቻ አዘዘች። ረቢያን ደግሞ ደብተሩን እንድታመጣ ለመነቻት።

ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ።

«አቶ አራጋው፣ አምስተኛው ካስማ ዘንድ ምን አገኙ?»

«ፊላ፣ ደንገል፣ ቄጠማ። ከትናንት በስቲያ ጀምሬ ዛሬ ጨረስሁት። ደብተሩ ላይ አለ።»

«እትዬ ረቢያ ያንብቡልን። መጀመሪያ የአምናውን።»

ረቢያ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ፊላ፣ ደንገል፣ ቄጠማ። ቀጥላ አራጋው የፈረመበትን የዘንድሮውን አነበበች፤ ያው ሦስቱ ናቸው። ዝናው በቀይ እርሳስ ከቦታል። እሷም ሳታስበው ተናገረች።

«ይኸስ ልክ አይደለም። አምስተኛውን ውሃው ሸሽቶታል። ዘንድሮ እዚያ ያለው ጨጎጊት—»

ልጇን አየችው። ዝም ብትል ይሻላት ነበር፤ ግን ጨጎጊቱ ያለው ከሬሳው ርቆ አምስተኛው ካስማ ዘንድ ስለሆነ፣ ዝምታዋ ራሱ ልጇን እንደሚያስበላው ገባት።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ዋሽቻለሁ። የልጄ ሱሪ ጨጎጊት ሞልቶት ነበር። አጠብሁት። አቃጠልሁት።»

«ለምን?»

ሰው ሁሉ ያያታል። አንገቷን ደፋች። «እሱ የገደለው መስሎኝ።»

ሀፊዛ የባድሩን ሱሪ አንስታ የእግሩን እጥፋት ፈታች። ሁለት ጨጎጊት ስፌቱ ውስጥ ቀርቷል።

«ጣትዎን ሳይ ቁልቋል አለመሆኑን አውቄያለሁ» አለች ለስለስ ብላ። «አምስተኛው ካስማ ዘንድ እኔም ደርሼ መጣሁ፤ ቀሚሴን እዩት። ከዚያ ያለ ጨጎጊት የሚወጣ የለም። ባድሩ ጠዋት በዚያ አልፏል። አቶ አራጋው ግን ስሠራበት አረፈድሁ ይላሉ፤ ካልሲያቸው ላይ አንዲት እንኳ የለም። ሹራባቸው ላይ ያለው ነጭ ብናኝ የፊላ ጥጥ ነው፤ ፊላው ያለው ሬሳው ዘንድ ነው። አምስተኛውን ሳያዩ የአምናውን ገለበጡ፤ ዝናው ደረሰበት። ቦርሳውን የገለበጡት ይህን ደብተር ፍለጋ ነው። እትዬ ረቢያ ቤት ማደሩን አያውቁም ነበር።»

አራጋው ሹራቡን በእጁ ጠራረገ። ጥጡ አልለቀቀም። «ለመንሁት» አለ። «አላወጣብህም እንዲለኝ ለመንሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ የተነቀለውን ካስማ መልሶ መትከል ቀጠለ።»

ወሰዱት። ሙስዓብም ቀስ ብሎ ሄደ። ሾላው ሥር እናትና ልጅ ቀሩ።

ባድሩ ጠዋት አስፓልቱ ላይ ሰው ከሚያሻግር ደላላ ጋር ሊገናኝ በአምስተኛው ካስማ በኩል ማለፉን ነገራት። ከእሷ ተደብቆ ወደ ሳዑዲ ሊመለስ ነበር። ዝናው ለእናትህ እነግራለሁ ስላለው ነው የተቆጣው።

«እማየ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብትጠይቂኝ ምን ነበር?»

«አዎ አድርጌዋለሁ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።»

ባድሩ ሱሪውን ከመሬት አንስቶ፣ የተፈታውን እጥፋት ሳይመልስ፣ ጨጎጊቱንም ሳይነቅል ትከሻው ላይ ጣለና ቀድሟት ወደ ቤት ሄደ። እሷም የዝናውን ደብተር ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ልጇ ላይ ሳትደርስ፣ ከኋላው ተከተለችው።