በእማማ ጂን ቤት የሚጠፋው መስመር

እማማ ጂን ከአልጋቸው ጠርዝ ዘንበል እንዳሉ ቀርተዋል። አንድ እጃቸው ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል፤ ከጣታቸው ሥር፣ ሊደርሱበት አንድ ስንዝር ሲቀራቸው፣ የኦክስጅኑ ቱቦ ከመሣሪያው ተነቅሎ ወድቋል። መሣሪያው ምንም እንዳልተፈጠረ አሁንም አየሩን ያፏጫል። ኢንስፔክተር ካኦ ጎንበስ ብላ አጠፋችውና በረጅሙ ተነፈሰች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ እንዲህ ለትንሽ የቀረ ሞት ግን ዛሬም አንጀቷን ይበላዋል።

አልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትንሽ ካሜራ አለች። አረንጓዴ መብራቷ በርቷል።

«አሁን ትሠራለች?» አለች ካኦ።

«አሁንማ ትሠራለች!» አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ። «ስትፈለግ ነው የጠፋችው።»

ወጥ ቤት ውስጥ፣ በርጩማ ላይ፣ እማማ ጂንን ሁለት ዓመት የተንከባከበችው ዋርቲኒ ተቀምጣለች። ከጃቫ ደሴት የመጣች፣ ሻሽ ያሰረች፣ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ልብሷ በቺሉንግ ከተማ ዝናብ በስብሷል። አታለቅስም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወለሉን ብቻ ታያለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሦስቱ የእማማ ጂን ልጆች ሳይመሽ ከየከተማቸው ተሯሩጠው ደረሱ። አባታቸው በተቀበሩ ማግሥት ተኳርፈው አራት ዓመት አልተነጋገሩም፤ አሁንም ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ተካፍለው ቆሙ። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ሁለተኛው ልጅ ዌንባኦ ነው። ታይፔ ውስጥ ኮምፒውተር ይሸጣል፤ የቤቱን ኢንተርኔት የዘረጋውም እሱ ነው።

«ትታሰርልኝ ኢንስፔክተር! ይቺ ሴት ናት የገደለቻት!» ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር መዘዘ። «ሃያ ሦስት ጊዜ አጥፍታዋለች። ሃያ ሦስት! ሰዓቱን ሁሉ ጽፌዋለሁ።»

«ምኑን ነው ያጠፋችው?»

«ራውተሩን ነዋ፣ ኢንተርኔቱን የሚያሰራጨውን ሳጥን! ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አብሮ ድርግም ይላል። ካሜራው፣ ቲቪው፣ እማዬ ጣት ላይ ያለችው የኦክስጅን መለኪያ… ሦስት ወር ሙሉ አበድኩ! ራውተሩን ሁለት ጊዜ ለወጥኩ። ገመዱን ለወጥኩ። የኢንተርኔቱን ባለሙያዎች ጠርቼ መስመሩን አስፈተሽኩ፤ ደህና ነው ይሉኛል። እኔ ቆሜ ሳየው ይሠራል፤ ዞር ስል ይጠፋል።»

«ይበላሻል እንጂ። መሣሪያ አይደለም እንዴ?»

«መሣሪያ ቀን መርጦ አይታመምም!» ደብተሩን በጣቱ መታው። «የእማዬ ኦክስጅን ሲወርድ ስልካችን ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ልክ ያኔ ነው የሚጠፋው። ሃያ ሦስቱንም ጊዜ! እማዬን ስትበድላት እንዳናይ ሶኬቱን ትነቅለዋለች።»

ካኦ ደብተሩን ገለጠች። ሰውየው ልክ ነው፤ አሮጊቷ በተጨነቁ ቁጥር ቤቱ ታውሯል። ይህን ያነበበ ዳኛ ሁለተኛ ምስክር አይጠይቅም። ወጥ ቤት ያለችው ሴት ደግሞ በሰው አገር፣ ዘመድ የሌላት፣ ቋንቋውን እንኳ አጥርታ የማትናገር ናት። ካኦን ጭንቅ ያዛት።

ሴቲቱ ልጅ ሹፌን፣ ከታይቹንግ የመጣችው አስተማሪ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

«አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ማስጠንቀቂያው ጮኸ» አለች። «ካሜራውን ከፈትኩ። አልጋው ብልጭ አለና ጠቆረ። ደጋግሜ ሞከርኩ። እምቢ አለ።»

«የታችኛው ፋርማሲ ባለቤት፣ አቶ ላይ የሚባሉት፣ የቤቱ ቁልፍ አላቸው። ደወልሽላቸው?»

«አልደወልኩም።»

«ለወንድሞችሽስ?»

ሹፌን ቀና ብላ አላየቻትም። «ዋርቲኒ ካሜራውን ካጠፋችው ቤት ውስጥ አለች ማለት ነው ብዬ… እማዬ ብቻዋን አይደለችም ብዬ ነው…» አፏን በመዳፏ ይዛ ተንሰቀሰቀች።

የበኩሩ ልጅ ቲየንሉ ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ከዪላን ነው የመጣው። ሳሎኑ መሐል ካለው፣ የቤተሰቡ ሙታን ከሚታሰቡበት ከፍ ያለ የአያቶች ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ዕጣን ይለኩሳል። ጠረጴዛው ላይ የአባቱ ፎቶ፣ ከፎቶው ግራና ቀኝ ሁለት ቀያይ የሎተስ አበባ መብራቶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ያ የተረገመ ራውተር ተቀምጧል።

«እንዴት ነው ራውተሩ እዚህ የወጣው?» አለች ካኦ።

«ወንድምየው ነው» አለ፤ ስሙን እንኳ መጥራት አልፈለገም። «የቤቱ መሐል ይሄ ነው ብሎ። ላዩ ላይ ያሻውን ያስቀምጥ፤ ከኋላ ያለውን ግን እንዳይነካ አስጠንቅቄዋለሁ። ጠረጴዛውን የማጸዳው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም በዓመት አንድ ቀን፣ በጨረቃ አቆጣጠር በአሥራ ሁለተኛው ወር በሃያ አራተኛው ቀን፣ አማልክቱ ወደ ሰማይ ሲወጡ። ከዚያ ውጭ የነካው ይቀሠፋል።»

«መብራቶቹ ያምራሉ።»

የቲየንሉ ፊት ለአፍታ ፈካ። «አየሻቸው? ድሮ ጭል ጭል ነበር የሚሉት። ዘንድሮ ካጸዳኋቸው ወዲህ እንዲህ ቦግ ብለዋል። አባዬ ደስ ብሎታል ማለት ነው።»

ካኦ መብራቶቹን ቀረብ ብላ አየች። ዓይን ይወጋሉ።

በመጨረሻ ከዋርቲኒ ፊት ተቀመጠች። «ሶኬቱን ነቅለሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ጠረጴዛው አጠገብ እንዳልደርስ ጌታዬ ቲየንሉ ነግረውኛል። እኔም ሃይማኖቴ ሌላ ነው። ስጠርግ እንኳ ዞሬ ነው የማልፈው።»

«ዛሬ የት ነበርሽ?»

«የቆሻሻ መኪናው መምጣቱን የሚያስታውቅበት ዘፈን ሲሰማ ከረጢቶቹን ይዤ ወረድኩ። ስልኬን ይዤ እንዳልወጣ ጌታዬ ዌንባኦ ከልክለውኛል፤ ወሬ ትጠርቂያለሽ ብለው። መኪናው ዘገየ፣ ሰልፍ ነበር። ስመለስ…»

አቶ ላይ ሲጠየቁ አላመነቱም። ዋርቲኒ በአሥር ሰዓት ከሃያ በፋርማሲያቸው በር አልፋ ወጣች፣ በሠላሳ አንድ ተመለሰች፤ በዝናቡ ውስጥ ሁለት ከረጢት ይዛ ስትሰለፍ ሰፈሩ ሁሉ አይቷታል። መስመሩ የጠፋው ግን በሃያ ሁለት ነው! ቤት ውስጥ ከምትሞት አሮጊት በቀር ማንም በሌለበት ሰዓት።

ካኦ ለአለቃዋ ይህን ስትነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። «ሰዓቱ ቢዛነፍ ነው ካኦዬ። ነቅላ ወጥታለች። ሐሙስ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ላኪው፣ በቃ።»

«ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» አለች ካኦ፤ ግን ለራሷ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ቀርቷታል። የሦስቱንም ስልክ ተቀበለችና ካሜራው በየስልኩ የተከፈተበትን ሰዓት ከዌንባኦ ደብተር ጎን አድርጋ መስመር በመስመር ስታመሳክር ዋለች። ሃያ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያገኘችው ነገር ደስ አላሰኛትም።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ሦስቱን ልጆች፣ አቶ ላይን፣ ፖሊስ ከጣቢያ ያመጣትን ዋርቲኒን። አለቃዋም መጣ፣ ሰዓቱን እያየ።

«ስልካችሁን አውጡ» አለች ካኦ። «አቶ ቲየንሉ፣ እርስዎ ብቻ ካሜራውን ይክፈቱት።»

ቲየንሉ ከፈተ። ባዶው አልጋ ጥርት ብሎ ታየ።

«ሹፌን፣ አንቺም ጨምሪ።»

አልጋው በሁለቱም ስልክ ታየ።

«ዌንባኦ።»

ዌንባኦ ነካው። ጠረጴዛው ላይ የራውተሩ መብራቶች ባንድ ጊዜ ድርግም አሉ፤ ሦስቱም ስልክ ጠቆረ።

«ማን ነው የነቀለው?» አለች ካኦ።

ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም። ዋርቲኒ እጆቿን እንዳጣጠፈች ነው።

«ጠረጴዛውን ልነካ ነው።»

«አይሆንም!» ቲየንሉ ዘሎ ተነሳ። «እናቴን ቀብሬ ሳልጨርስ ደግሞ…»

«እንግዲያው ይቺን ሴት ወህኒ ልውሰዳት?»

ቲየንሉ ዋርቲኒን አየ፣ የአባቱን ፎቶ አየ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ካኦ ወንበር ላይ ወጥታ ከጠረጴዛው ኋላ እጇን ሰደደችና የራውተሩንና የመብራቶቹን ኤሌክትሪክ የሚመጥኑ፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት ጥቋቁር አዳፕተሮች አወጣች። «ዌንባኦ፣ ራውተሩን ሁለት ጊዜ ስትለውጥ አዳፕተሩንስ?»

«ገመዱ ከጠረጴዛው ኋላ ነው የሚያልፈው። አትንካ ተብያለሁ። ጫፉ ስለገጠመ በነበረው ሰካሁት።»

«ራውተሩ ላይ የነበረውን አንብበው።»

«ዘጠኝ ቮልት።» ደንገጥ አለ። «አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት!»

«አሥራ ሁለቱ መብራቶቹ ላይ ነው። በሃያ አራተኛው ቀን አቶ ቲየንሉ ሁሉንም ነቅለው አጸዱ፤ ሲመልሱ ተቀያየረባቸው። ደብተርህ ላይ መስመሩ መጀመሪያ የጠፋው ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነው። አቅም ያነሰው ራውተር ሥራ ሲቀልለት ይሠራል፤ ሲከብድበት ይወድቃል። አንድ ሰው ሲያይ ይችላል። ሁለትም ይችላል። ሦስት ሲሆን ያቅተዋል። ሦስታችሁ ባንድ ጊዜ የምትከፍቱት ደግሞ መቼ ነው?»

«ማስጠንቀቂያው ሲመጣ» አለች ሹፌን።

ካኦ አዳፕተሮቹን አቀያየረች። የሎተስ መብራቶቹ ደክመው እንደ ድሮው ጭል ጭል አሉ። ራውተሩ ተነሳ። ሦስቱም ካሜራውን ከፈቱ። አልጋው በሦስቱም ስልክ ላይ ታየ፤ አልጠፋም። ቲየንሉ ስልኩን ሳይሆን መብራቶቹን ነበር የሚያየው።

«ሰኞ ዕለት» አለች ካኦ፣ እየከበዳት፣ «እማማ ጂን ሲዞሩ ቱቦው ተነቀለ። ማስጠንቀቂያው ለሦስታችሁ መጣ። ሦስታችሁ ከፈታችሁ፣ መስመሩ ወደቀ። ሲነሳ ጠብቃችሁ እንደገና ከፈታችሁ፣ እንደገና ወደቀ። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ። አንዳችሁ ስልኩን ብትተዉት ሁለታችሁ ታዩዋቸው ነበር። ቱቦውን ብታዩ አቶ ላይ በአንድ ደቂቃ ይደርሱላቸው ነበር። እንዳትደውሉ ያደረጋችሁ ደግሞ ዋርቲኒ ነቅላዋለች የሚለው ጥርጣሬ ነው፤ ‹ቤት አለች› ብላችሁ ተረጋጋችሁ። እርስ በርስ ብትነጋገሩማ ኖሮ ነገሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይገባችሁ ነበር።»

አለቃዋ ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«ታዲያ ማንን ነው የምትከሺው?» አለ ዌንባኦ፤ ቁጣው ሟሙቶ ልመና ሆኗል። «እኔን ክሰሺኝ። ዕቃው ሙያዬ ነው። ማወቅ ነበረብኝ!»

«ማንንም አልከስም። መብራት ማጽዳት ወንጀል አይደለም። እናትን ለማየት መጣደፍም ወንጀል አይደለም።» ወደ ዋርቲኒ ዞረች። «ነፃ ነሽ፤ መሄድ ትችያለሽ።»

ዋርቲኒ አልተነሳችም። የተባለው አልገባት ይሆን ብላ ካኦ ደገመችላት። ሴትዮዋ ግን ገብቷታል፤ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

ሹፌን ተነስታ አጠገቧ በርከክ አለች። «ስትወጪ… እማዬ ምን አለችሽ? እባክሽ።»

«እንዳልሄድ ለምነውኝ ነበር» አለች ዋርቲኒ። «ብቻዬን አታድርጊኝ፣ ዛሬ ደረቴ ከብዶኛል አሉኝ። እኔም አይፍሩ፣ ልጆችዎ ሦስቱም ያዩዎታል አልኳቸው። አመኑኝ። በጣታቸው ፀጉራቸውን አስተካክለው ወደ ካሜራው ዞሩ።»

ከሰኞ ጀምሮ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣባት። «እኔ ነኝ ያዩዎታል ያልኳቸው፤ እኔ ነኝ» ትላለች ደጋግማ። ካኦ ሦስቱን ልጆች ተራ በተራ አየቻቸው፤ አይደለሽም ሊላት የደፈረ አልነበረም።