የእስትንፋስ አበባ እኩሌታ

በዘርማድ መንግሥት የኦርጎብ ተራራ በረዶ በአንድ ጀምበር ሰማያዊ የሆነ ዕለት፣ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ምልክቱን የማያውቅ አልነበረም፤ ትንፋሽ የሚዘጋው ደዌ ሊወርድ ነው። ደዌውም ሰው የሚመርጥ ይመስል፣ ከሐንደር መንደር ሕዝብ ሁሉ ባለመለከቷን ኤልማዳን ጣላት።

ሐንደር ማለቂያ የሌለው የአመድ ሜዳ ዳርቻ ላይ ያለች መንደር ናት። ሜዳው ዱካ አይዝም፣ ጭጋጉም ፀሐይን ይሰውራል። ስለዚህ ኤልማዳ በየቀኑ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መለከቷን ትነፋለች፤ መንገደኛውም ድምፁን ተከትሎ ከሞት ያመልጣል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረች። አሁን ግን አንድ ጉንጭ ውሃ ለመዋጥ ሦስቴ ማረፍ ግድ ሆነባት። ልጇ ሳርዬላ መንፋቱን አሳምራ ታውቅበታለች። ይሁንና በሐንደር ባለመለከት በሕይወት እያለ ሌላ ሰው መለከቱን ቢያነሳ፣ ሞቱን እንደ መመኘት ይቆጠራል። ሳርዬላም መለከቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ፊቷን አዞረች። እናቷን የምትወድ ልጅ ሌላ ምን ታድርግ?

መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ በኦርጎብ ዋሻ የሚበቅለው የእስትንፋስ አበባ። ሙሉውን የበላ ሰው ትንፋሹ እንደ ድሮው ይመለስለታል። ሳርዬላ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክካ ማለች።

«በጠባሁት ጡትሽ እምላለሁ። አበባውን ከእጅሽ ሳላደርስ ለሌላ አሳልፌ ብሰጥ፣ አመዱ ይዋጠኝ።»

የአክስቷ ልጅ ቦርቃን አብሯት ወጣ። ቦርቃን ከጦሩ ይልቅ ምላሱ የሚፈራ፣ ነገር ግን ወዳጁን ጥሎ የማይሸሽ ሰው ነበር። ጉምራ በምትባለው፣ በአመድ ላይ በምትዋኝ ባለስድስት እግር እንስሳ ተፈናጥጠው በአምስተኛው ቀን ዋሻው ደረሱ። በዚያ የሚኖረው ዛርጎን የተባለው አውሬ ዓይን የለውም፤ የሚያድነው የሰው ትንፋሽ እያዳመጠ ነው። ቦርቃን ደጅ ቆሞ የአውሬውን ዘር ማንዘር ሲሰድብ፣ ሳርዬላ ትንፋሿን ውጣ በዛርጎን ሆድ ሥር አለፈችና አበባውን ቀጠፈች። የመለከት ነፊ ልጅ መሆኗ ያን ቀን ጠቀማት። ቦርቃን ግን ሁለት ጣቶቹን ለአውሬው ትቶ ወጣ። ምላሴ ስለተረፈልኝ ደህና ነኝ እያለ ይስቅ ነበር፤ እንባው ግን ይወርዳል።

ሲመለሱ፣ ሐንደር አንድ ቀን ሲቀራት፣ ጉምራዋ በድንገት ቆመች። አንድ ሰው ከሞተች ጉምራው ጎን ወገቡ ድረስ በአመድ ተቀብሮ ተቀምጧል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ደረቱም ያፏጫል፤ ደዌው እሱንም ይዞታል። ውሃ አጠጡትና ማንነቱን ጠየቁት። ያዶር ይባላል፤ ሙያው ጉድጓድ መቆፈር ነው።

«የሐንደርን መለከት አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ» አላቸው። «ድምፁ ሳይሰማ እንዳትንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር አባቴ። መለከቱ ቀርቶ አያውቅም ነበርና፣ ዛሬ ይነፋል፣ ዛሬ ይነፋል እያልኩ ቆየሁ።»

ሳርዬላ ገባት። ግድግዳው ላይ ሰቅላ የተወችው መለከት ይህን ሰው እዚህ አስቀምጦታል። ቦርቃን ጭነውት እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረበ፤ የያዶር ትንፋሽ ግን እስከ ማታ የሚዘልቅ አልነበረም። የአበባው እኩሌታ ነፍስ ያተርፋል፤ የመለከት ትንፋሽ ግን አይመልስም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ቦርቃን መሐላዋን ቀስ ብሎ አስታወሳትና ፊቱን አዞረ። ሳርዬላ በሰውዬው ተናደደች፤ ሌላ መንገድ ጠፍቶበት ነው በእናቷ መድኃኒት ላይ የተገተረባት? ተናድዳም አበባውን ለሁለት ከፈለችው።

«አመዱ ከፈለገኝ ይዋጠኝ» አለችና እኩሌታውን አጎረሰችው።

አመዱ አልዋጣትም። ያዶርን ጭነው ሐንደር እንደገቡ ኤልማዳ የቀረውን በላች፤ በማግስቱም ተነሥታ ተቀመጠች፣ ተናገረችም። መለከቷን አስወርዳ ስትሞክረው ግን ከነፋስ በቀር የወጣ ድምፅ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ሙያ በዚያ አበቃ። ሳርዬላ እግሯ ላይ ወድቃ ያደረገችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

ኤልማዳ መለከቱን በልጇ እጅ አኖረችው።

«በመጀመሪያው ቀን ንፊው ልልሽ ይገባ ነበር፤ ኩራቴ ያዘኝ። ዛሬ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ እየሰማሁሽ ትነፊዋለሽ። ደግሞም ልጄ፣ ያን ሰው አልፈሽው መጥተሽ ቢሆን፣ የሰጠሽኝ ትንፋሽ ምን ይረባኝ ነበር? አሁን እሱን ጥሪልኝ።»

ያዶር በቦርቃን ትከሻ ተደግፎ ገባ። ሊያመሰግናት ሌሊቱን ሙሉ ቃል ሲመርጥ አድሮ ነበርና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ኤልማዳ ግን አላስጀመረችውም። ሁለት እጆቹን ይዛ ሳመቻቸው፤ እንባዋም በጣቶቹ ላይ ወረደ።

«ልጄ» አለችው፣ «እኛ ዝም ባልንበት ቀን ሁሉ፣ ሳትሞት ስለ ጠበቅኸን አምላክ ይስጥልን።»