ኬሪ ዛሬ አለች?

ባለቤቴን ያገኘሁት ፀሐይ ስላቃጠለችኝ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። በሕይወት ሳለ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ራሱ ነበር።

የብሮክን ሂል ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ማዕድን እንጂ ባሕር የለም። ስለዚህ ጥር ሲመጣ የማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ሁሉ ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ወደ ደቡቡ የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ያን ዓመት አባታችን ደረቱን አሞት ቀረና እኔና ታላቅ እህቴ ግሌኒስ ብቻችንን ሄድን። ፖርት ኤሊየት፣ ከአሸዋው አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ለሁለት ሳምንት ተከራየን። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ትምህርት ያቆምኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነውና።

ጠጉሬ ቀይ፣ ቆዳዬ ነጭ ነው። በሁለተኛው ቀን ትከሻዬ የበሰለ ቲማቲም መሰለ። ግሌኒስ ጨርቅ በቀዝቃዛ ሻይ እየነከረች ቀባችኝና «አንቺ ለጥላ የተፈጠርሽ ነሽ፤ ሂጂ ጥላሽን ፈልጊ» ብላኝ ወደ አሸዋዋና ወደ አድናቂዎቿ ተመለሰች።

ጥላ ፍለጋ ዋናውን መንገድ ስወጣ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ አንድ መጽሐፍ ቤት አየሁ። በሩ ላይ ቆምኩ እንጂ አልገባሁም። መጽሐፍ ጠልቼ አይደለም። ሕመምተኞች ትተውት የሄዱትን ሁሉ፣ ሽፋን የሌለውን፣ መጨረሻው የተገነጠለውን ሳይቀር፣ በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ አነብ ነበር። ግን መጽሐፍ ቤት ማለት ገና ስትገቢ «እስከ ስንተኛ ክፍል ተምረሻል?» የምትባይበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ያስገባኝ ትከሻዬ ነው፤ ማቃጠሉ ከፍርሃቴ በለጠ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። የወረቀትና የባሕር ጨው ሽታ አለው። በየመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ትንንሽ ካርዶች ተለጥፈዋል። በዚያ አካባቢ መጽሐፍ ቤቶች ሻጩ የወደደው መጽሐፍ ካለ፣ ለምን እንደወደደው በእጁ ጽፎ ሥሩ ይለጥፋል፤ ስሙንም ያኖራል። የዚህኛው ቤት ካርዶች ሁሉ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፉ ነበሩ።

«ይህን ሳነብ ሁለት ኩባያ ሻይ ቀዝቅዞብኛል። ኬሪ»

«የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች ያሰለቻሉ። ታገሡ፤ እኔም ታግሻለሁ። ኬሪ»

«እናቴ በታመመች ሳምንት ያነበብኩት ነው። አላጽናናኝም፤ ግን አብሮኝ ተቀመጠ። ኬሪ»

በሦስተኛው ፊት ብዙ ቆምኩ። እንዲህ የምትጽፍ ሴት ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ አትጠይቀኝም ብዬ አሰብኩ።

ሴት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በእኛ ሰፈር ሦስት ኬሪዎች ነበሩ፣ ሦስቱም ሴቶች፤ አንዷም አብራኝ የተማረች። ስሙ ለወንድም እንደሚወጣ ጠፍቶኝ አይደለም፣ በዚያን ሰዓት ትዝ አላለኝም እንጂ።

ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው፣ ቡናማ የሥራ ካፖርት ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ መጽሐፍ ይለብጣል። እንደ ምንም ድምፄን አወጣሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኬሪ ዛሬ አለች?»

ቀና አለ። እኔን አየ፤ የቆምኩበትን ካርድ አየ፤ እንደገና እኔን አየ። ጆሮዎቹ ትልልቅ ነበሩ።

«ዛሬ የለችም» አለ። «መልእክት ካለዎት አደርስልዎታለሁ።»

መጠቅለያ ወረቀት ቀዶ ሰጠኝ። ካርዶቿ ደስ እንዳሰኙኝ ጽፌ፣ አጥፌ ሰጠሁት። በማግስቱ ስመለስ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ መልስ በፖስታ ተቀመጠልኝ።

እንዲህ ነው የጀመረው። በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ኬሪ በየቀኑ የለችም፤ ደብዳቤዋ ግን አለ። በሕይወቴ ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ጻፍኩ። ትምህርት ማቋረጤን፣ በጣቴ ማንበቤን፣ ቤታችን ሰው ሞልቶት ሳለ ብቸኝነት እንደሚሰማኝ። ስለ ሰውየውም ጻፍኩ፤ መስቀያ ላይ የተረሳ ካፖርት እንደሚመስል፣ ጆሮዎቹ ግን ደስ እንደሚሉ። መልሷ አጭር ነበር፦ «የጻፍሽውን ነግሬዋለሁ። ጆሮዎቹ ቀልተዋል።»

ደግሞም ወደ ሌሎቹ መጽሐፍ ቤቶች ላከችኝ። በባሕሩ ዳር ያሉት የሦስት ከተማ ሻጮች ካርዶቻቸውን ይዋዋሳሉና አረንጓዴው ጽሑፍ እዚያም ነበር። በአውቶቡስ ቪክቶር ሃርበር ሄድኩ። የመጽሐፍ ቤቱ ባለቤት ፊቱ የተሸበሸበ ጡረተኛ መርከበኛ ነበር፤ ለጠየቀው ሁሉ የመጀመሪያውን ገጽ ቆሞ ያነብለታል፣ አንብቦ ሳይጨርስ ግን የመጽሐፉን ስም አይናገርም። ጉልዋ ያለው ደግሞ የድሮ የጀልባ መጠገኛ ነበር። ባለቤቷ እማማ ቶራ መጻሕፍቱን በፊደል ተራ አልደረደሩም፤ በአየር ጠባይ ነው። የነፋስ ቀን፣ የዝናብ ቀን፣ የሐሩር ቀን መጽሐፍ። የምፈልገውን ስጠይቃቸው በመስኮቱ ሰማዩን አይተው ነው መደርደሪያውን ያሳዩኝ። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ማንም ምን ያህል እንደተማርኩ አልጠየቀኝም። እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ አደንቃቸዋለሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን እንደገና ጉልዋ ሄድኩ። በማግስቱ ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ ከኬሪ ጋር ሳልተያይ መሄዴ ቆጭቶኝ ነበር። ለእማማ ቶራ ነገርኳቸው፤ በሄድኩ ቁጥር የለችም አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኬሪ? የኔ ልጅ፣ ያቺ ያንቺ ኬሪ በየጧቱ ጢሟን ትላጫለች እኮ።»

ሲስቁ ቆይተው ፊቴን ሲያዩ አቆሙ። «የጠረጴዛው ረጅሙ ሰውዬ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

እንዴት አውቶቡስ እንደተሳፈርኩ አላውቅም። ከፀሐዩ ይልቅ ያን ቀን ተቃጠልኩ። ምስጢሬን ሁሉ የሰጠሁት ለዚያ ሰው ነው፤ እሱም ዐይኔን እያየ «የለችም» ይለኛል። በመጽሐፍ ቤቱ በር ሳልፍ አልዞርኩም። ግሌኒስ ስነግራት መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳለቅስ ስታይ ግን አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ወይ አፍቅሮሻል፣ ወይ ይጫወትብሻል» አለች። «ሁለቱም ከሆነ ደግሞ ባል ሆኗል ማለት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ስናስር፣ ሰው ሁሉ በዋና ልብስ ከሚመላለስበት ሣር መሐል አንድ ቡናማ ካፖርት ብቅ አለ። ፎጣ የምታሰጣ ጎረቤታችን እጇን አንሥታ ቀረች። ግሌኒስ የሌለ ሥራ ፈልጋ ከካራቫኑ ኋላ ዞረች፤ ጆሮዋ ግን እኛው ጋ ነበር።

እማማ ቶራ ደውለው ነግረውት ኖሯል። ፖስታ ዘረጋልኝ። ውስጡ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ነበሩ።

«ልመልስልሽ ነው የመጣሁት» አለ። በአፉ «አንቺ» ያለኝ ያኔ ነው።

«ስንት ቀን ሳቅክብኝ?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ለምን የለችም አልከኝ?»

የማዕበሉ ድምፅ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ።

«ስትጠይቂኝ ፊትሽ በርቶ ነበር። የበራው ለኬሪ ነው፣ ለእኔ አልነበረም። እኔ ነኝ ብልሽ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ፍርሃቴ እየባሰ ሄደ።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። የወጣኝ ግን ሌላ ነው። «ስህተቴን ሁሉ አይተሃል» አልኩት። «ፊደል አስተካክዬ መጻፍ እንደማልችል አይተሃል።»

ከፖስታው አንዱን መርጦ አወጣ። ጣቱን አንድ ቃል ላይ አኖረ፤ እኔ እንደማነበው።

«ብቸኝነት የሚለውን አንድ ፊደል አጉድለሽ ነው የጻፍሽው» አለ። «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን እዚያ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጫለሁ። እንደዚያ አጥሮ ሳየው ቀለለኝ።»

ፖስታውን አልተቀበልኩትም። «አንተ ጋ ይቀመጥ» አልኩት። ከካራቫኑ ኋላ ግሌኒስ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማኋት።

ወዲያው አልተጋባንም። አባቴን የማስታምመው እኔ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ኬሪ በየወሩ መጽሐፍ ላከልኝ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አረንጓዴ ካርድ። አንድ ክረምት ራሱ መጣ። ለእኛ ብሮክን ሂል ያልተወለደ ሁሉ ባዕድ ነው፤ አባቴ ግን የጠየቀው ነገር ቢኖር ጋዜጣ እንዲያነብለት ብቻ ነው፣ ዐይኑ ደክሞ ስለነበር። ኬሪ የፈረስ እሽቅድምድሙን ውጤት ከላይ እስከ ታች እንደ ታሪክ አነበበለት። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ ሰማና ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ሰው የፈረስ ስም እንኳ ሲያነብ ያምርበታል» አለ። «አግቢው።»

አባቴ ካረፈ በኋላ፣ በሚያዝያ ተጋባን፤ እኔም ከጠረጴዛው ኋላ ገባሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ሸጥን። በየነሐሴው ሱቃችንን ሳምንት ዘግተን፣ ዳቦ ጋጋሪ የሌላውን ዳቦ እንደሚቀምስ፣ በሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች ያሉ መጽሐፍ ቤቶችን እንዞር ነበር። እሱ ቀድሞ ይገባል፤ እኔ ቆይቼ ገብቼ፣ በመደርደሪያዎቹ መሐል ከኋላው ቆሜ በጆሮው እጠይቀዋለሁ፦ ኬሪ ዛሬ አለች? አንድም ዓመት ጆሮው ሳይቀላ ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ለመነኝና እምቢ አልኩት። ካርድ ጻፊ ይለኝ ነበር። እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፈው እለዋለሁ። የሌላ ሰው ሻይ ስለቀዘቀዘበት መጽሐፍ አልጽፍም ይለኛል። ፊደሌን ሰው ያየዋል ብዬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ፈራሁ።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ነሐሴ ነበር፣ ሻንጣችን በሩ ላይ ነበር። ጫማውን ሊያስር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሣም።

በእኛ ሱቅ የመጨረሻው ቅጂ ሲሸጥ ካርዱ ይነሣል። ይህን ሕግ ያወጣው እሱ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ መጽሐፍ በተሸጠ ቁጥር አንድ አረንጓዴ ካርድ እየተነሣ፣ አሥራ አንድ ብቻ ቀሩ። ያኔ መዋሸት ጀመርኩ። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን ይዞ የመጣውን ሰው «ይቅርታ፣ እሱ ተይዟል» እያልኩ መልሼ መደርደሪያው ላይ አኖራለሁ። ከሰው እጅ መጽሐፍ ሲነጠቅ ኬሪ ቢያይ ያፍርብኝ እንደነበር አውቃለሁ። ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ባለፈው ጥር አንድ ግዙፍ ሰው ገባ። የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ አፍንጫው ተልጧል፣ እግሩ ላይ አሸዋ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንዴት እንደሚቆም አወቅኩት። ከዚያ ወደ ውስጥ ዘለቀና አንዲት ካርድ ፊት ቆመ። የትኛዋ እንደሆነች ሳላያት አውቃለሁ። ብዙ ቆየ። መጽሐፉን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«እናቴ፣ ይቺ ኬሪ የምትባለው ሴትዮ ዛሬ አለች?»

እናቱ አደሌድ ሆስፒታል እንደተኛች ነገረኝ። ነርሶቹ ሄደህ ሦስት ቀን ባሕር ተመልከት ብለው እንዳባረሩት፣ ባሕሩ ግን ምንም እንዳላደረገለት። መጽሐፉ በዚያ እጅ ውስጥ ትንሽ ነበር። «ተይዟል» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዛሬ የለችም» አልኩት። «መልእክት ካለህ አደርስልሃለሁ።»

አሰበ። «አመሰግናለሁ በሉልኝ» አለ። «አላጽናናኝም ብላ እውነቱን ስለጻፈች።»

ካርዷን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ላጥኳት። መጽሐፉ ውስጥ አድርጌ ሰጠሁት። ሲወጣ ከበሩ ላይ ዞሮ እጁን አነሣልኝ።

ካርዷ በነበረችበት እንጨቱ ፀሐይ ሳይነካው ነጥቶ ቀርቷል። ቆሜ አየሁት። ከዚያ የኬሪን አረንጓዴ እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣሁ። ባዶው ቦታ ላይ ሌላ መጽሐፍ አኑሬ፣ ለሱ ካርድ ጻፍኩ።

«ይህን ያነበብኩት ባለቤቴ በሞተበት ክረምት ነው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ። ለብቸነት ጥሩ ነው። ኖሊን»

አንዷን ፊደል የተውኳት አውቄ ነው።