ከሽመላዋ ሥዕል ሥር

በጥንቷ አቤላ ከተማ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ጧት ሴቶች፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ወንዶች ይታጠባሉ። የሴቶቹን ልብስ የምትጠብቀው ሄልቪያ ናት፤ የወንዶቹን ኖቪዮስ። ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ በርጩማ ላይ ይውላሉ፤ ግን አብረው አይደለም። የቀትሩ ደወል ሲደወል እሷ ትነሣለች፣ እሱ ይቀመጣል። በርጩማውን ሁልጊዜ ሞቆ ነው የሚያገኘው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው እሷ ናት። አንድ ቀን በሩ ላይ ሲተላለፉ ቆም አለች።

«አንተ፣ ምላስ የለህም እንዴ?»

«አለኝ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ኖቪዮስ የምሯን መስሎት ምላሱን አወጣ። ሄልቪያ እስከ አደባባዩ ድረስ እየሳቀች ሄደች። የዚያን ቀን ኖቪዮስ የዳኛውን ልብስ ለዓሣ ሻጩ ሰጠ።

በልብስ ማውለቂያው ክፍል ግድግዳ ውስጥ ማስቀመጫዎች ተቦርቡረዋል። ሰው የራሱን እንዳይረሳ ከእያንዳንዱ በላይ ሥዕል አለ፤ ጀልባ፣ ዓሣ፣ የወይን ዘለላ። ሽመላ የተሣለችበት ከሁሉም ከፍ ያለው ስለሆነ ሴቶቹ አይደርሱበትም። ኖቪዮስ ማታ ሲዘጋ እዚያ በለስ ይተውላታል። እሷ ጧት በርጩማው ላይ ቆማ ታወጣዋለች።

ከወንዶቹ መካከል በዚያ ማስቀመጫ የሚጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ረጅሙ አውፊዲዮስ፣ የሄልቪያ አባት።

«ሌላ ቦታ ብናደርገው አይሻልም?» ብሏት ነበር ኖቪዮስ።

«ከአባቴ ማስቀመጫ ውስጥ ማን ይፈልጋል? ዝም ብለህ በለሱን አምጣ» አለችው።

አውፊዲዮስ ሸክላ ሠሪ ነው። ከእቶኑ የሚወጣው ሙቀት የሚያልፍባቸውን፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑትን የሙቅ ክፍሉን ጡቦች የሠራው እሱ ነው። በየቀኑ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ «እኔ ባልኖር ሁላችሁም ስትንቀጠቀጡ ትውሉ ነበር!» ይላል። ሽመላዋንም የመረጣት ከዚያ ግድግዳ ጋር ስለምትዋሰን ነው። ታጥቦ ሲወጣ ልብሱ ሞቆ ይጠብቀዋል።

በጸደይ መጀመሪያ ላይ ሄልቪያ በሩ ላይ ስትቆም ፊቷ ሌላ ነበር።

«ከወደቡ ከተማ ከፑቴኦሊ አንድ ዘይት ነጋዴ ለትዳር ጠይቆኛል። የቬኑስ በዓል ሲያልፍ መልስ ሊወስድ ይመጣል።»

ኖቪዮስ የመጋረጃውን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመረ።

«አባቴ ሌላ የጠየቀ የለም ይላል። እውነቱን ነው፤ የለም።» አየችው። «አለ እንዴ?»

አንድ ሽማግሌ ፎጣውን አንጠልጥሎ በመካከላቸው አለፈ። ኖቪዮስ ሽማግሌው እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ካለፈም በኋላ ፎጣውን በዓይኑ ተከተለ።

«መናገር ካልቻልክ ቢያንስ አንድ ነገር አድርግ» ብላው ሄደች።

የኖቪዮስ ጎረቤት አንጥረኛ ነው። ለእጮኛ የሚሰጠውን ዓይነት ቀላል የብረት ቀለበት ሠራለት። በበዓሉ ዋዜማ ማታ ኖቪዮስ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ቀለበቱን ከሽመላዋ ሥር አስቀመጠና ቤቱ ገባ። ጧት ታገኘዋለች። ቀትር ላይ በሩ ላይ ሲተላለፉ ጣቷን ያያል። ቀለበቱ ካለ አባቷ ዘንድ ይሄዳል፤ ከሌለ ደግሞ ከዚያ በር ዳግመኛ አይቆምም።

ጧት ደወሉ ሲሰማ አልጋው ላይ ሆኖ ፈገግ አለ። «አሁን ገባች» አለ በልቡ።

ከዚያ በመስኮት ወደ መንገዱ አየ። ወንዶች የዘይት ጠርሙስና የገላ መፋቂያቸውን ይዘው እየተንጫጩ ወደ መታጠቢያው ይጎርፋሉ።

የቬኑስ በዓል! በዓመት አንድ ቀን፣ በዚህ የፍቅር አምላክ በዓል፣ ረጅሙና ሞቃቱ ከሰዓት በኋላ ለሴቶች ይሰጣል፤ ወንዶቹ በጧት ይገባሉ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሱ ደግሞ እንጀራው ነው። ስለ ቀለበቱ ሲያስብ የዚያን ቀን ሰዓቱ መገለባበጡን ረስቶት ነበር።

መቀነቱን ሳያስር ሮጠ። የልብስ ማውለቂያው ክፍል ሞልቷል። ከሽመላዋ ሥር የአውፊዲዮስ ቡናማ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እጁን ከሥሩ ሰደደ። ምንም የለም።

ከሙቁ ክፍል የአውፊዲዮስ ድምፅ አስተጋባ።

«ይህ ቀለበት የማን ነው?»

«የእኔ!» አለ አንዱ።

«ውሸቱን ነው፣ የእኔ ነው!» አለ ሌላው። «ሚስቴ ብትሰማ ግን ትገድለኛለች!»

ሳቁ ክፍሉን አናጋው።

«አትቀልዱ። የሰው ልጅ የሚታጭበት ቀለበት ነው ይህ። ባለቤቱ ካልተገኘ ለቤተ መቅደስ እሰጠዋለሁ።»

ኖቪዮስ እግሩ እንዴት እንደወሰደው አያውቅም። ከነልብሱ ሙቁ ክፍል ውስጥ ገባ። ራቁታቸውን የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩት፤ ዳኛው፣ ዓሣ ሻጩ፣ አንጥረኛው። በላብና በእንፋሎት መካከል አውፊዲዮስ ቀለበቱን በሁለት ጣት ይዞ ተቀምጧል።

«ጋሼ አውፊዲዮስ...» አለና ቆመ።

ያኔ ነው እዚያ የሚደረገውን የእንጨት ጫማ አለማድረጉን ያወቀው። ወለሉ ከሥሩ እሳት ነው። አንድ እግሩን አነሣ። ያንን ሲያሳርፍ ሌላውን አነሣ።

«ምን ያስጨፍርሃል?» አለ ዳኛው።

«ቀለበቱ... የእኔ ነው።»

«የት ነበር ያስቀመጥከው?»

«ከሽመላዋ ሥር።»

«ከእኔ ማስቀመጫ? ለማን?»

ኖቪዮስ ግራ እግሩን አነሣ። ቀኙን አነሣ።

«ቶሎ ተናገር ልጄ፣ እግርህ ሳይበስል!» አለ አንጥረኛው፤ እሱ ያውቅ ነበር።

«ለሄልቪያ!» ሲል ጮኸ። እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። «ለልጅዎ ነው! እሺ ካለችኝ ማለቴ ነው! ፑቴኦሊ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው!»

ውኃ ጠብ ሲል ይሰማል።

አውፊዲዮስ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ፤ ትከሻው ወረደ።

«አንተ የማትረባ! በየቀኑ ልብሴን ከእጄ እየተቀበልክ አንዲት ቃል አትተነፍስም? ያ ነጋዴ ልጄን ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወስዶ ዘይት ሊያስቀዳት ነው፣ ለኔ ማን ይቀረኛል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ እኮ! ሌላ የጠየቀ ስለሌለ ምን ልበል?»

ቀለበቱን ወረወረለት። ኖቪዮስ በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀለበው።

«ካስቀመጥክበት መልሰው። እኔ ምንም አላየሁም፤ ማንሣትም መተውም የእሷ ነው። አሁን ውጣ!»

ኖቪዮስ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሮጦ ከነልብሱ ገንዳው ውስጥ ዘለለ። ከኋላው የወንዶቹ ጭብጨባ ይሰማ ነበር።

ደወሉ ተደወለ። ወንዶቹ ወጡ፤ ሴቶቹ አበባ አድርገው ገቡ። ኖቪዮስ ቀለበቱን መልሶ፣ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እግሩን የቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ጠበቀ። የገባች ሁሉ አየችው፣ ሳቀችም። ወሬው ቀድሞታል።

ሄልቪያ ስታልፍ አላየችውም፤ ወይም ያላየች መሰለች። ከውስጥ በርጩማው ሲጎተት ሰማ። ከዚያ ምንም አልሰማም።

ቆይቶ መጋረጃው ተገለጠ። አጠገቡ መጥታ ቆመች። እጆቿን ከኋላዋ ደብቃለች።

«እግርህን ምን ነካው?»

«አባትሽን አነጋገርኩ።»

«በእግርህ?»

«ምላሴ ብቻውን እሺ አላለኝም።»

ሄልቪያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ባልዲውን ወደ ጥላው ሳበችለት። የብረቱ ቀለበት የባልዲውን እጀታ ሲነካ ቀጭን ድምፅ አሰማ።