የእናቷ ፈርጥ

«ነገ ነይ» አላት ማቲዎስ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ዐይኑን ግን ከባንኮኒው አላነሳም።

አይናዲስ ጠረጠረች። ፒያሳ ካለችው የወርቅ ሥራ ሱቁ የተዋወቁት ጉትቻ ልታሠራ ገብታ ነው። ሳቁን ወደደችለት፤ እሱም ለእሑድ ሽማግሌ ሊልክባት ቆርጧል። አሁን ያስቀረባት ቀለበት የሟች እናቷ ነው፤ አባቷ «አልማዝ ነው» ብሎ ለእናቷ ያሰረላት። ስለተበጠሰ እንዲበይደው ነበር የሰጠችው።

ወንድሟ አባይነህ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «ሸወደሽ! አልማዙን ነቅሎ ጠርሙስ ሊተክልልሽ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።»

ተቆጣችው። ጥርጣሬው ግን አብሯት ታክሲ ተሳፈረ፤ ክሪስታል ወደምታጠናበትና ወደምታስተምርበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራም አብሯት ገባ።

በማግስቱ ሱቁ ሲከፈት ደረሰች።

«ቀለበቴን አሁኑኑ ስጠኝ። ካልሆነ ሽማግሌ እንዳትልክ።»

ማቲዎስ መሳቢያውን ሳበ። ቀለበቱ ተበይዷል፤ ፈርጡ ግን መሀል ለመሀል ተሰንጥቋል።

«አልማዝ ነው ስላልሽኝ ሳልነቅለው በየድኩት። አልማዝ እሳት ይችላል፤ ይሄ ግን ቷ አለ። አልማዝ አይደለም፣ አይኔ። የእናትሽን እምነት ላፈርስብሽ ፈርቼ የሚተካ አልማዝ ስፈልግ ነበር።»

«ወይስ ቀየርከው?»

ፊቱ ገረጣ። ቀለበቱን በባንኮኒው ላይ ወደ እሷ ገፋው። ይዛው ወጣች።

ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠችው። ኳርትዝ ነው፤ አልማዝ የሚመስል ተራ ድንጋይ። ኳርትዝ አምስት መቶ ሰባ ሦስት ዲግሪ ሲደርስ አቶሞቹ በአንዴ አሰላለፋቸውን ይቀይራሉ፤ በችኮላ ከሞቀም ይሰነጠቃል። ይህን ለተማሪዎቿ ስንቴ አስተምራለች! ግን ማቲዎስ ቀይሮ የተከለው ድንጋይም ኳርትዝ ከሆነ እንዲሁ ይሰነጠቃል። ሌንሱን አስጠጋች።

ከስንጥቁ ጎን፣ ድንጋዩ ውስጥ፣ ቀጭን ጥቁር ጭረት አየች። ልጅ ሳለች እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ «የጉንዳን እግር» የምትላት ጭረት ናት። አይናዲስ አለቀሰች፤ እስከ ዕለተ ሞቷ አልማዝ ነው ብላ ላመነች እናቷ፣ ሌባ ላደረገችውም ሰው።

ወደ ሱቁ ስትመለስ ማቲዎስ ሞረዱን አላስቀመጠም።

«የእማዬ ነው» አለችው። «የአባይነህን ጥርጣሬ ሰምቼ በደልኩህ፤ ይቅር በለኝ።»

«እኔም ደብቄሻለሁ። አልማዝ እስካገኝ ነበር።»

«አልማዝ አልፈልግም። እንደተሰነጠቀ ይኑር። ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ቢበርድ ኖሮ፣ ተለውጦም ወደ ቀድሞው አቋሙ ይመለስ ነበር።»

«በላዩ ጫና ቢበዛበትስ?»

«ያኔ ለመለወጥ የባሰ እሳት ይፈልጋል።»

«እኔ ላይ እንደሆነ አባይነህ ጫናውን አላጎደለም» አለና ፈገግ አለ። «ሽማግሌዎቹስ?»

«እሑድ ይምጡ። ‹ነገ ነይ› የምትላትን ነገር ግን ሁለተኛ እንዳልሰማት።»

ማቲዎስ ሞረዱን አስቀመጠ። ዐይኗን እያየ ወንበር ሳበላትና፣

«ዛሬ ቆዪ» አላት።