ጥቁሩ መስታወቴ

ይህን ታሪክ በቁጣ ብጀምረው አትታዘቡኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በላቦራቶሪያችን የምንሠራው የፀሐይ ሴል ነው። ሁለት ትንንሽ መስታወቶች ፊት ለፊት ይጣበቃሉ፤ አንደኛው ቀለም ውስጥ ተነክሮ ብርሃን ይይዛል፣ ሌላኛው ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ በመካከላቸው ላለው ፈሳሽ ይመልሳል። ይህን መመለስ የሚያፋጥነው ዘወትር ፕላቲን ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። እኔ በጥላሸት እተካዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሁሉም ሳቀብኝ። ያልሳቀው አጠገቤ የሚሠራው ልጅ ብቻ ነበር። ዝም ብሎ መስታወቶቼን ያጥብልኛል፣ ሴሎቼን ይገጥምልኛል፤ እኔ ደግሞ ጣቶቹን እያየሁ ሥራዬን እረሳለሁ።

አንድ ቀን ሴሌ ከፕላቲኑ እኩል ኃይል ሰጠ። ኃላፊያችን ሰው ሁሉ ፊት እጄን ጨበጡኝ፤ በማግስቱ ለእንግዶች እንዳቀርበው አዘዙኝ። ጥላሸቱ እንዴት እንደሰነበተ ልይ ብዬ ሴሉን ፈታሁት።

የኔ መስታወት እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ይኼኛው አሳልፎ የሚያሳይ ግራጫ፣ ፕላቲን የተቀባ ነበር። ወደ መስኮቱ ባነሣው በውስጡ የልጁ ፊት ታየኝ። ገርጥቷል።

«አንተ ነህ የቀየርከው?»

«ያንቺው ኃይሉ እያነሰ ሲያስቸግርሽ... ስታለቅሺ ማየት አልቻልኩም።»

«ታዲያ ዓይንህን አትጨፍንም ነበር?»

እንደሚወደኝ ነገረኝ። ስንት ጊዜ የጠበቅሁትን ቃል ያን ሰዓት ይናገረው! ቅንድቤን አበጃለሁ ብሎ ዓይኔን አጠፋው።

«ብትወደኝ ኖሮ ጥላሸቴን ታምነው ነበር» አልኩት። «አሁኑኑ ሄደህ ለኃላፊው ንገር።»

ሄደ። በሩ ክፍት ስለነበር «እሷ የምታውቀው ነገር የለም» ሲል ሰማሁት። ቁልፉን ተቀብለው ከላቦራቶሪው አሰናበቱት። የኔም ዝግጅት ተሰረዘ።

ከሰዓት በኋላ ጥቁሩን መስታወቴን ራሴ ገጥሜ ኃይሉን ለካሁ። እሱ ዕቃውን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ስንት ሰጠ?» አለኝ።

«የፕላቲኑን ግማሽ።»

አይዞሽ ሊለኝ ነው፣ ደግሞ ሊዋሸኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ቀረብ ብሎ አየው።

«ያንሳል» አለ። «ቅቡ ሳስቷል፤ ጠርዙም ተልጧል።»

እውነቱን ነው፣ ተልጧል። ንዴቴ አልበረደም፤ እስካሁንም አልበረደም። ቢሆንም ወንበሩን በእግሬ ገፋሁለት።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ምንም ነገር ግን እንዳትነካ።»