አያ ባዘዘውን መሆን

ጀነት ደመና ሆና ዳገቱን ስትወርድ ግራጫው ጨርቅ እግሯን ጠለፋትና ተደፋች። የትምህርት ቤቱ ክበብ ልጆች ሳቁ።

«ደመናው ከጮቄ ሳይወርድ ወደቀ» አለ አንዱ።

«አቦ ሙድ አትያዙብኝ» አለች ጀነት ጉልበቷን እያራገፈች።

ምሥራቅ አልሳቀችም። ከደመናው ቀጥላ የምትገባው እሷ ናት፤ የአያቷን ጋቢ ለብሳ፣ በትራቸውን ይዛ፣ ሽቅብ አይታ «ዝሩ» ማለት አለባት። ትርኢቱ ነገ፣ በገበያው ቀን፣ ከሮብ ገበያ በላይ ባለው ሜዳ ይቀርባል። መድረክ የለውም፤ ልጆቹ ተዳፋቱ ላይ ይጫወታሉ፣ ገበያተኛው ከታች ተቀምጦ ያያል። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር የሺዋስ ከደብረ ማርቆስ እንግዶች ጠርተዋል። የአየር ንብረቱ ቢለወጥም የአባቶች ዕውቀት መንገድ እንደሚያሳይ ሰው በዓይኑ ይይ ብለው ነው።

ዕውቀቱን ያመጣችው ምሥራቅ ናት። አያቷ አቶ ባዘዘው ደመናው ጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ እንዴት ሲያድር፣ ነፋሱም ከየት ሲነሳ ገብስ እንደሚዘራ ያውቃሉ። መንደሩ እሳቸው በሬ ሳይጠምዱ አይጠምድም ነበር።

ከልምምድ ስትመለስ አያቷ ግቢው ውስጥ ሞፈር ይጠርቡ ነበር። ጋቢውን ለምን እንደፈለገችው ስትነግራቸው መጥረቢያውን አስቀመጡ።

«እኔን ልትሆኝ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጋቢውን ውሰጅ። ግን በእኔ አፍ ‹ዝሩ› አትበይ። ሽታዬ ትሰማለች።»

ምሥራቅ ገባት። አምና ግንቦት ምልክቱ ሁሉ ታይቶ አያቷ ጠመዱ፤ መንደሩም ተከተለ። ዝናቡ ሳምንት ጥሎ ጠፋ። ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ጎረቤታቸው እትዬ ሽታዬ ያላቸውን ዘር ጨርሰው ስለነበር የሚደግሙት አጡ። ማንም አያቷን ፊት ለፊት አልወቀሰም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በእትዬ ሽታዬ ደጅ ሳይሆን በታችኛው መንገድ ዞረው ነው።

ጠዋት ነገሩን ለቲቸር የሺዋስ ነገረቻቸው። አልተቆጡም። ያለዚያ ቃል ዝናብ የሚሆኑት ልጆች እንዴት ይገባሉ ብለው ጠየቋት፤ ከከበዳትም ሌላ ልጅ እንደሚተኩ ነገሯት። ሌላ ልጅ ያለ ጋቢው ቢጫወትም ሰው አያቷን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ምሥራቅ እኔው እሆናለሁ አለች። ቃሉን እላለሁ ግን አላለችም።

ትርኢቱ ሲጀመር ጀነት ሳትወድቅ ወረደች። ከኋላዋ ዝናብ የሆኑት ልጆች ጠጠር የሞላ ጣሳ ይዘው ቃሉን ይጠብቃሉ። እትዬ ሽታዬ ጨው የቋጠሩበትን ነጠላ ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። አያቷ ከተጫዋቾቹ ኋላ፣ ዳገቱ አናት ላይ ባሕር ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል።

ምሥራቅ በትሩን አነሳች። ሽቅብ አየች።

«በይ እንጂ» አለች ጀነት ከጨርቁ ሥር በሹክሹክታ።

በትሩን አወረደች። «እንጃ» አለች በአያቷ ድምፅ። «ምልክቱ ሁሉ አለ። አምናም ነበረ። ዘንድሮ ብቻዬን አልናገርም።»

አንዱ ቃሉ ጠፋባት ብሎ ሳቀ። ቲቸር የሺዋስ ብድግ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ምሥራቅ ዳገቱን ወርዳ እትዬ ሽታዬ ፊት ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ሽታዬ፣ አንቺስ ምን አየሽ?»

ልጅ ትልቅ ሰውን አንቺ ስትል ሕዝቡ አጉረመረመ። እትዬ ሽታዬ ጋቢውን አዩት። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግረው ወደ ባሕር ዛፉ ተመለከቱ።

«እኔማ ዘንድሮ ግማሹን ዘርቼ ግማሹን አቆያለሁ» አሉ። «እርስዎም እንደዚያ ያድርጉ፣ አያ ባዘዘው።»

ከኋላዋ፣ ከባሕር ዛፉ በኩል ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ። ምሥራቅ ዞር ብላ አላየችም። እንዲተያዩ፣ ከመሀላቸው ትንሽ ወደ ጎን ተንፏቀቀች።